ጂኦሎጂ ያለ ድንጋይ አይሰጥ

ለተከበራችሁ የዝግጅት ክፍል፣

በሐምሌ 2016 ዓ.ም. በጎፋ ዞን የወረደው ናዳ ከ200 በላይ ወገኖቻችንን ሲቀጥፍ፣ በ2017 ዓ.ም. ደግሞ የአዋሽ ፈንታሌና የዶፋን አካባቢ በተደጋጋሚ ሲንቀጠቀጥ፣ ሁሉም ሰው ጆሮውን ወደ ጂኦሎጂ ባለሙያ አዘነበለ። ደግ ነው። እኔ ግን የምጽፍላችሁ ባለሙያው ስለሚበቅልበት ቦታ ነው፤ በየዩኒቨርሲቲውና በየኮሌጁ ስለሚሰጠው የጂኦሎጂ መግቢያ ኮርስ። ይህን ኮርስ የሚወስዱት የጂኦሎጂ ተማሪዎች ብቻ አይደሉም። የሲቪል ምህንድስና፣ የማዕድን፣ የጂኦግራፊ፣ የውኃ ሀብትና የአፈር ሳይንስ ተማሪዎችም ይወስዱታል፤ ለብዙዎቹም የመጀመሪያውም የመጨረሻውም የጂኦሎጂ ትምህርታቸው እሱ ነው። ነገ መንገድ የሚቀይሰው፣ ግድብ የሚሠራው፣ ለቤት መሠረት የሚያስቆፍረው ሰው ስለሚቆምበት መሬት የሚያውቀው በዚያ አንድ ሴሚስተር የያዘውን ያህል ነው።

በብዙ ቦታ ኮርሱ በስላይድ ተጀምሮ በስላይድ ያልቃል። ተማሪው ስለ ባዛልት "ጥቁር፣ ደቃቅ ቅንጣት ያለው፣ ሲሊካው አነስተኛ የሆነ" ብሎ ይጽፍና ሙሉ ማርክ ያገኛል፤ ከመማሪያ ክፍሉ ደጃፍ የተነጠፈው ድንጋይ ምን እንደሆነ ቢጠየቅ ግን ዝም ይላል። የሚቀርበው ምክንያት የላብራቶሪ እጥረት ነው። አለትን እስከ 0.03 ሚሊ ሜትር አሳስቶ በማይክሮስኮፕ ማየት ውድ መሣሪያ እንደሚጠይቅ አይካድም። ለመግቢያ ኮርስ ግን ይህ የግድ አይደለም። በመጀመሪያው ዓመት የሚያስፈልገው በእጅ የሚያዝ ድንጋይና ድንጋዩን በሥርዓት የሚመረምር ዓይን ነው፤ ሁለቱም ከውጭ አይገዙም።

ለ5 ተማሪዎች የሚበቃው ዕቃ ይኸው፦ አንድ መዶሻ፣ 10 እጥፍ የሚያጎላ ትንሽ አጉሊ መነጽር፣ የብረት ሚስማር፣ ጠርዙ በፕላስተር የተሸፈነ የመስታወት ቁራጭ፣ አጭር የመዳብ ሽቦ፣ ማግኔት፣ የሴራሚክ ንጣፍ ስባሪ፣ ግራም የሚያነብ የወጥ ቤት ሚዛን፣ በጠብታ ጠርሙስ የተያዘ የቀጠነ ሃይድሮክሎሪክ አሲድ፣ የዓይን መከላከያ። ከአጉሊ መነጽሩና ከአሲዱ በቀር ሌላው ከሰፈር የሕንፃ መሣሪያ መደብር ይገኛል። ሴራሚኩ የሚፈለገው ማዕድኑን አሽቶ የዱቄቱን ቀለም ለማየት ነው፤ የሚያገለግለውም ጀርባው ነው፤ የሚያብረቀርቀው ፊት የማዕድኑን ዱቄት አይቀበልም።

አሲዱን በተመለከተ፣ ከመደብር የሚመጣው 37 በመቶ የሆነው ለድንጋይ ምርመራ እጅግ ኃይለኛ ነው። 3 እጅ ውኃ አስቀድሞ ዕቃው ውስጥ ይገባል፤ ከዚያ 1 እጅ አሲድ በቀስታ ይጨመራል። 10 በመቶ ገደማ የሆነ አሲድ ይወጣል። ውኃውን አሲዱ ላይ መጨመር ክልክል ነው፤ በድንገት ሞቆ ፊት ላይ ይረጫል። ጠርሙሱ ላይ ስሙና የተዘጋጀበት ቀን ይጻፍበት። ድንጋዩ ላይ አንድ ጠብታ ይበቃል፤ ከታየ በኋላ በውኃ ይታጠባል፣ አለዚያ የሚቀጥለው ተማሪ ጣቱ ይቃጠላል። አሲድ ጨርሶ ያጣ ኮሌጅ ድንጋዩን በሚስማር ፍቆ ዱቄቱ ላይ አቼቶ ቢያንጠባጥብ የኖራ ድንጋይን መለየት ይችላል፤ አረፋው ደካማ ስለሚሆን ግን በአጉሊ መነጽር ማየት ያስፈልጋል።

አሁን ወደ ድንጋዩ እንግባ፤ ስህተት የሚበዛው እዚህ ነው። የመጀመሪያው ሕግ ትኩስ ስባሪን ማየት ነው። ለዘመናት ፀሐይና ዝናብ የበላው ገጽ ቡናማ ወይም ቢጫ ቅርፊት ያበጃል፤ ተማሪው ቅርፊቱን አይቶ የውስጡን ይፈርዳል። ስለዚህ የዓይን መከላከያ አድርጎ የድንጋዩን ጠርዝ በመዶሻ መምታትና አዲሱን ገጽ ማየት ግድ ይላል። መዶሻን በሌላ መዶሻ መምታት ግን አደገኛ ነው፤ የሚፈናጠረው የብረት ፍንጣሪ ዓይን ያጠፋል። አጉሊ መነጽሩንም ጋዜጣ እንደሚያነብ ሰው ከፊት ራቅ አድርገው የሚይዙ ብዙ ናቸው። መነጽሩ ዓይን ሥር ይለጠፋል፤ ወደ መነጽሩ የሚቀርበው ድንጋዩ ነው፣ ከ2 እስከ 3 ሴንቲ ሜትር እስኪደርስ።

ጥንካሬ ሲፈተን፣ ከ1 እስከ 10 በሚቆጠረው የሞህስ መለኪያ ጥፍር 2.5፣ መዳብ ወደ 3፣ ሚስማር ወደ 5፣ መስታወት 5.5 ገደማ ነው። ጂፕሰም በጥፍር ይጫራል። ካልሳይት ጥፍርን ይቋቋማል፣ በሚስማር ግን በቀላሉ ይጫራል። ፌልድስፓርና ኳርትዝ መስታወቱን ይጭራሉ። ወጥመዱ ይህ ነው፤ ሚስማሩ ከማዕድኑ ሲለሰልስ የራሱን ብረት ማዕድኑ ላይ ትቶ ያልፋል፣ የሚታየውም መስመር ጭረት ይመስላል። መስመሩን በእርጥብ ጣት ማሸት ነው፤ ከጠፋ የሚስማሩ ብረት ነበር፣ ጎድጉዶ ከቀረ ማዕድኑ ተጭሯል። ሌላው ስህተት በቀላሉ የሚፈረፈረውን የአሸዋ ድንጋይ "ለስላሳ" ብሎ መመዝገብ ነው። የላላው ማያያዣው ነው፤ ቅንጣቶቹ ኳርትዝ ከሆኑ እያንዳንዳቸው ጥንካሬያቸው 7 ነው። የሚለካው የቅንጣቱ ጥንካሬ እንጂ የድንጋዩ መፈርፈር አይደለም።

ቀለም ከሁሉም በላይ ያታልላል። ባልጩት፣ ማለትም ቅልጥ አለት ቶሎ በርዶ የሆነው የተፈጥሮ መስታወት፣ እንደ ባዛልት ጥቁር ስለሆነ ብዙ ተማሪ ሁለቱን በአንድ ወገን ይመድባቸዋል። የስምጥ ሸለቆው ባልጩት ግን ሲሊካው በአብዛኛው ከ70 በመቶ በላይ ነው፤ ዘመዱ ነጣ ያለው ራዮላይትና ውኃ ላይ የሚንሳፈፈው ፑሚስ ነው። ባዛልት በአንጻሩ ከ45 እስከ 52 በመቶ ብቻ ሲሊካ አለው። ባልጩቱን ያጠቆረው በመስታወቱ ውስጥ የተበተኑ እጅግ ደቃቅ የብረት ማዕድናት ናቸው። ከጠርዙ ቀጭን ስንጣሪ አንስቶ ወደ ብርሃን ቢይዙት ግራጫ ሆኖ ብርሃን ያሳልፋል፤ ባዛልት ይህን አያደርግም።

አዲስ አበባ ውስጥና በዙሪያዋ ለሚማሩ ደግሞ ሁለት ስህተቶችን ነጥዬ ላንሳ። አንደኛው፣ የአካባቢው ባዛልት ጋዝ ያመለጠበት ቀዳዳ አለው፤ ብዙዎቹ ቀዳዳዎች ከጊዜ በኋላ በነጭ ማዕድን ተሞልተዋል። ተማሪው ነጩ ላይ አሲድ ያንጠባጥባል፣ አረፋ ያያል፣ "የኖራ ድንጋይ" ብሎ ይጽፋል። አረፋ የሰጠው ቀዳዳውን የሞላው ካልሳይት ነው። ጠብታው ጥቁሩ አካል ላይ ቢያርፍ ዝም ይላል። ስለዚህ አሲድ ቢያንስ ሁለት የተለያየ ቦታ ላይ ይንጠብ፤ ማስታወሻው ላይም "አረፋ አለ" ከማለት ይልቅ የቱ ክፍል እንዳረፋ ይጻፍ። ሁለተኛው ኢግኒምብራይት ነው፤ ከእሳተ ገሞራ በጋለ ደመና ወርዶ የተጋገረ አመድ። ቅንጣት ቅንጣት ስለሚል ከአሸዋ ድንጋይ ጋር ይምታታል። መለያው በውስጡ ያሉት ጠፍጣፋ፣ ምስር የሚመስሉ የፑሚስ ቁርጥራጮች ናቸው፤ አመዱ ገና ትኩስ ሳለ በራሱ ክብደት ስለተጫነ ተጨፍልቀው በአንድ አቅጣጫ ተኝተዋል። አንዱን ሲያዩት ሌላው ሁሉ ይገለጣል። በከተማዋ የአጥር ግንብና አሮጌ ቤቶች ላይ ያለው ግራጫ ጥርብ ድንጋይ ብዙ ጊዜ ይኸው ኢግኒምብራይት ወይም ትራካይት የሚባለው ሌላ የእሳተ ገሞራ አለት ነው፤ ስለዚህ ለዚህ ትምህርት አውቶቡስ እንኳ አያስፈልግም።

የማይታወቅን ድንጋይ እፍጋት በወጥ ቤት ሚዛን መለካት ይቻላል። መጀመሪያ ድንጋዩ ደረቅ ሆኖ ይመዘናል፤ 280 ግራም ሆነ እንበል። ከዚያ ውኃ ያለበት ሳህን ሚዛኑ ላይ ተቀምጦ ሚዛኑ ወደ ዜሮ ይመለሳል። ድንጋዩ በክር ታስሮ ውኃው ውስጥ ሙሉ በሙሉ ይሰምጣል፣ ግን የሳህኑን ታችም ጎንም አይነካም። ሚዛኑ 100 ካነበበ የድንጋዩ ይዘት 100 ኪዩቢክ ሴንቲ ሜትር ነው፤ 280 ለ100 ሲካፈል 2.8 ይወጣል፣ የባዛልት ጎረቤት። ኳርትዝ 2.65፣ ጂፕሰም 2.3 ገደማ ነው። ድንጋዩ ታች ከነካ ሚዛኑ የድንጋዩን ክብደት መሸከም ይጀምራልና ቁጥሩ ይበላሻል። ቀዳዳ ያለው ድንጋይ ደግሞ አየር ስለሚይዝ ከእውነተኛው ያነሰ እፍጋት ያሳያል።

ናሙና ለመሰብሰብ ብዙ መድከም አያሻም። ባዛልት ከኮብልስቶን ጠራቢዎች፣ ፑሚስና ቀይ አሽ ከሕንፃ ግብዓት አቅራቢዎች፣ የኖራ ድንጋይ ከሙገር ሸለቆ የሲሚንቶ ካባዎች፣ እብነ በረድ ከቆራጮች ቅሪት ይገኛል። የአፋር ጨው እንኳ ትልቅ ማስተማሪያ ነው፤ ሲሰበር በሦስት አቅጣጫ በ90 ዲግሪ ስለሚሰነጠቅ ትንንሽ ኩብ ይሆናል። ለወጥ ቤት ጠረጴዛ "ጥቁር ግራናይት" ተብሎ የሚሸጠው ደግሞ ብዙውን ጊዜ ጋብሮ ወይም ዘመዱ ነው፤ በውስጡ ኳርትዝ ይፈለግና ይታይ፤ እውነተኛ ግራናይት ኳርትዝ ሞልቶታል፣ ጋብሮ ግን የለውም ማለት ይቻላል። ከአዲስ አበባ ውጭ ያሉ ኮሌጆች ከዚህም የተሻለ ዕድል አላቸው። መቀሌ ቅሪተ አካል ያለበት የኖራ ድንጋይ ከግቢ አጥር ማዶ ነው። ባሕር ዳር በጢስ ዓባይ ቀዳዳማ ባዛልት አለ። ሐዋሳ የተቀመጠችው በግዙፍ ጥንታዊ ካልዴራ፣ ማለትም እሳተ ገሞራ ተደርምሶ በተወው ጎድጓዳ፣ ውስጥ ነው፤ ፑሚስና ባልጩት በዙሪያዋ ነው። ድሬዳዋ ደግሞ ጥንታዊውን መሠረት አለት፣ የአሸዋ ድንጋዩንና የኖራ ድንጋዩን በአንድ ቀን መንገድ ታሳያለች። እያንዳንዱ ናሙና ላይ ነጭ ቀለም ተቀብቶ ቁጥር ይጻፍበት፤ የተወሰደበት ቦታ በመዝገብ ይቀመጥ። ቦታው የማይታወቅ ድንጋይ ለትምህርት ግማሽ ዋጋውን ያጣል።

የመስክ ጉዞ አንድ ብቻ ከተፈቀደ ለመካከለኛው ኢትዮጵያ ኮሌጆች ከጎሃ ጽዮን ወደ ደጀን የሚወስደውን የዓባይ በረሃ መንገድ የሚያህል የለም። ከወንዙ ወደ ላይ፣ ከሥር የአዲግራት የአሸዋ ድንጋይ፣ ከላዩ ጂፕሰምና ሼል (በስሱ የሚላጥ የጭቃ አለት) ያለበት የጎሃ ጽዮን ድርብርብ፣ ከዚያ የአንታሎ የኖራ ድንጋይ፣ ከዚያ የጭቃ ድንጋይና የላይኛው የአሸዋ ድንጋይ፣ በመጨረሻ አምባውን የሸፈነው ባዛልት ይታያል። አንድ ጊዜ ባሕር አገሩን እንደሸፈነና ተመልሶ እንደሄደ ተማሪው በዓይኑ ያነበዋል። ዋናው ጥያቄ ግን ባዛልቱ የአሸዋ ድንጋዩ ላይ ያረፈበት መስመር ላይ ይነሳ። ባዛልቱ ወደ 30 ሚሊዮን ዓመት ዕድሜ አለው፤ ከሥሩ ያለው የአሸዋ ድንጋይ ግን ዳይኖሰሮች በነበሩበት ዘመን የተከማቸ ነው። በመካከላቸው በአሥር ሚሊዮኖች የሚቆጠር ዓመት ጎድሏል። ተማሪው እዚያ ቆሞ "በዚያ ዘመን የተከማቸው የት ሄደ?" ብሎ እስኪጠይቅ መምህሩ ቢታገስ መልካም ነው፤ መልሱን ቀድሞ መናገር ጉዞውን ስላይድ ያደርገዋል።

ከጉዞው በፊት የ1:50,000 ቶፖግራፊ ካርታ ከስፔስ ሳይንስና ጂኦስፓሻል ኢንስቲትዩት፣ የ1:250,000 ጂኦሎጂ ካርታ ከጂኦሎጂካል ኢንስቲትዩት ይጠየቅ። በመጀመሪያው ካርታ 2 ሴንቲ ሜትር 1 ኪሎ ሜትር ነው። በሁለቱ ከተሞች መካከል ቀጥታ ርቀቱ 20 ኪሎ ሜትር ገደማ ስለሆነ የሸለቆው መቆራረጫ ሥዕል 40 ሴንቲ ሜትር ይረዝማል። ጥልቀቱ 1,400 ሜትር አካባቢ ነው፤ በዚያው ስኬል 2.8 ሴንቲ ሜትር ብቻ ይሆናልና ዝርዝር አይታይበትም። ስለዚህ ቁመቱን 5 እጥፍ ማሳደግ የተለመደ ነው። ጥፋቱ የሚመጣው ይህን ረስቶ ከሥዕሉ ላይ በፕሮትራክተር ዳገት ሲለኩ ነው፤ እውነተኛው 10 ዲግሪ የሆነ ዳገት 5 እጥፍ ባደገ ሥዕል ላይ 41 ዲግሪ ይመስላል። የማደጊያው ልክ ሥዕሉ ላይ ይጻፍ።

የንጣፍ አለትን አቅጣጫና ዘንበል ሲለኩም የሚደጋገሙ ስህተቶች አሉ። ተንከባሎ የወረደ ቋጥኝ ላይ መለካት አንዱ ነው፤ ድንጋዩ ከሥሩ ካልተነቀለ አለት ጋር መያያዙ መጀመሪያ ይረጋገጥ። ስንጥቅን እንደ ንጣፍ መቁጠር ሌላው ነው፤ በንጣፉ ግራና ቀኝ የቅንጣት መጠን ወይም ቀለም ይለወጣል፣ በስንጥቅ ግራና ቀኝ ግን አለቱ ያው ነው። ባዛልት ላይ ኮምፓስ ማሳረፍ ደግሞ መርፌውን ያሳስታል፣ በውስጡ ማግኔታይት የሚባል መግነጢሳዊ የብረት ማዕድን አለና፤ ሁለት ሜትር ራቅ ብሎ አቅጣጫውን በዓይን ማነጣጠር ይሻላል። የስልክ ኮምፓስም ከዚህ አያመልጥም። ጉዞው በክረምት አይደረግ፤ መንገዱ ራሱ የሚንሸራተት መሬት ላይ ነው። መታጠፊያ ላይ መኪና አይቁም፣ አንጸባራቂ ሰደርያ ይለበስ፣ ለወረዳው የትብብር ደብዳቤ አስቀድሞ ይድረስ።

ስለ ዕድሜ ልኬት አጭር ነገር ልበል፤ ስህተቱ ከፈተና ወረቀት አልፎ ጋዜጣ ላይም ይታያል። ድንቅነሽ በካርቦን 14 አልተለካችም፤ ልትለካም አትችልም። የካርቦን 14 ግማሽ ዕድሜ 5,730 ዓመት ነው፤ ከ50,000 ዓመት ገደማ በኋላ የሚለካ አይተርፍም። በ1967 ዓ.ም. ሐዳር የተገኘችው ድንቅነሽ 3.2 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ናት የተባለው አጥንቷ ባለበት ንጣፍ አካባቢ ያለው የእሳተ ገሞራ አመድ በአርጎን ዘዴ ተለክቶ ነው። ከአጥንቱ በላይና በታች ያሉት አመዶች ሲለኩ አጥንቱ በመካከላቸው ይታጠራል። ተማሪው ይህን ከተረዳ የንጣፍ ቅደም ተከተልና የራዲዮአክቲቭ ልኬት ለምን አብረው እንደሚሠሩ ሌላ ምሳሌ አያሻውም።

ስምጥ ሸለቆው "አገራችንን ሊከፍላት ነው" የሚለው ወሬ በተነሳ ቁጥር ክፍል ውስጥ ቀላል ሒሳብ መሥራት ይበቃል። ዋናው የኢትዮጵያ ስምጥ በዓመት 5 ሚሊ ሜትር ገደማ ይከፈታል፤ 1 ሜትር ለመክፈት 200 ዓመት፣ 5 ኪሎ ሜትር ለመክፈት 1 ሚሊዮን ዓመት ይፈጃል። ግን አከፋፈቱ በየቀኑ እኩል አይደለም። በመስከረም 1998 ዓ.ም. አፋር ውስጥ በዳባሁ አካባቢ 60 ኪሎ ሜትር በሚረዝም መስመር ቅልጥ አለት ከሥር ገብቶ መሬቱን በጥቂት ሳምንታት ውስጥ እስከ 8 ሜትር አራራቀው። በአፋር ዓመታዊው ልክ ወደ 2 ሴንቲ ሜትር የሚጠጋ ስለሆነ የ400 ዓመት ያህል ውጥረት በአንድ ጊዜ ተፈታ ማለት ነው። በፈንታሌ የታየውንም በዚህ ዓይን ማየት ይገባል።

የመሬት መንቀጥቀጥ ትምህርት ደግሞ እውነተኛ መረጃ አለው። ከአዲስ አበባ በስተደቡብ ፉሪ ተራራ ላይ የዓለም አቀፍ መረብ አካል የሆነ ጣቢያ አለ፤ መዝገቡ በኢንተርኔት ለማንም ክፍት ነው። ተማሪው የአንዱን መንቀጥቀጥ መዝገብ ከፍቶ የመጀመሪያው ሞገድ የደረሰበትን ሰከንድና ሁለተኛው፣ ጎላ ያለው ሞገድ የደረሰበትን ሰከንድ ያንብብ። ልዩነቱን በ8 ቢያባዛ ርቀቱን በኪሎ ሜትር በግምት ያገኛል። ከፈንታሌ ለተነሳ መንቀጥቀጥ ልዩነቱ 16 ሰከንድ አካባቢ ይመጣል፤ 16 በ8 ሲባዛ 128 ኪሎ ሜትር፣ ይህም በካርታ ላይ ካለው ርቀት ጋር ይቀራረባል። አንድ ጣቢያ ግን ርቀትን እንጂ አቅጣጫን በዚህ መንገድ አይሰጥም፤ በካርታ ላይ ከሦስት ጣቢያ ሦስት ክብ ማዞር ያስፈልጋል። ክቦቹ በአንድ ነጥብ ካልተገናኙ ተማሪው ብዙውን ጊዜ የሁለተኛውን ሞገድ መነሻ ዘግይቶ አንብቧል። መጠን 5 እና መጠን 6 መካከል ያለው ልዩነትም "አንድ" አይደለም፤ የሞገዱ ስፋት 10 እጥፍ፣ ጉልበቱ 32 እጥፍ ገደማ ነው።

በእኔ እምነት ከሁሉ በላይ ጊዜ ሊሰጠው የሚገባው ዋልካ አፈር ነው፤ መረሬ የምንለው። ባዛልትና የእሳተ ገሞራ አመድ ውኃ በማይወርድበት ሜዳ ላይ ሲበሰብሱ ውኃ የሚጠጣና የሚያብጥ ሸክላ ይወልዳሉ፤ ዳገት ላይ ውኃው ስለሚያጥባቸው ቀይ አፈር ይሆናሉ። ከእንጦጦ ተዳፋት ወደ ቦሌ ሜዳ ሲወረድ ቀዩ በጥቁር የሚተካው በዚህ ነው። በበጋ ዋልካው እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ ይሰነጠቃል፣ በክረምት አብጦ ይዘጋል። ቀላል ቤት ላይ ከመስኮት ጥግ ተነስቶ በሰያፍ የሚወጣ ስንጥቅ ምልክቱ ነው።

ሙከራው ርካሽ ነው። አፈሩ በ105 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ለ24 ሰዓት ይደርቃል፣ ተደቁሶ በ0.425 ሚሊ ሜትር ወንፊት ያልፋል። ሳይጠቀጠቅ 10 ሚሊ ሊትር ይሰፈርና 100 ሚሊ ሊትር በሚይዝ ባለ ልኬት ሲሊንደር ውስጥ ውኃ ላይ በቀስታ ይነሰነሳል። አየሩ እንዲወጣ በቀጭን ዘንግ ይነቃነቃል፣ ሲሊንደሩ እስከ 100 ይሞላና ለ24 ሰዓት ሳይነካ ይቀመጣል። አፈሩ 21 ላይ ከደረሰ፣ 21 ሲቀነስ 10፣ ለ10 ተካፍሎ በ100 ሲባዛ 110 በመቶ ነው። ከ50 በታች ብዙ አያሳስብም፤ 100 እና ከዚያ በላይ የሆነ አፈር ቀላል ቤት ሊጎዳ ይችላል። አፈሩ ሲሰፈር ከተጠቀጠቀ መነሻው ይበዛል፣ ውጤቱ ግን የተጋነነ ይሆናል። በደንብ ካልተደቆሰ ጓሉ ውስጡ ደርቆ ይቀራል፣ ውጤቱ ያንሳል። ከሁለት ሰዓት በኋላ ተቻኩሎ ማንበብም እንዲሁ ያሳንሰዋል። ከአንድ ቦታ ሦስት ናሙና ተወስዶ ጎን ለጎን ይሠራ። ከዋልካው አጠገብ የእንጦጦ ቀይ አፈር ቢቀመጥ፣ በማግሥቱ ተማሪው የሚያየው የሁለቱ ሲሊንደሮች ልዩነት ከሦስት ሰዓት ገለጻ ይበልጣል።

ስለ ናዳም በዚሁ ቦታ ይነሳ። በጎፋ ብዙዎቹ ያለቁት በመጀመሪያው ናዳ የተቀበሩትን ለማዳን ሲረባረቡ ነው። አንድ ተዳፋት ሲንሸራተት ከበላዩ ያለው መሬት ደጋፊውን ያጣል፣ ውኃውም ገና ውስጡ ነው፤ ሁለተኛው መውረዱ የሚጠበቅ ነው። ከተዳፋቱ አናት ላይ የጨረቃ ቅርጽ ያለው ስንጥቅ፣ ያዘነበሉ ዛፎች፣ ድንገት የደፈረሰ ወይም የነጠፈ ምንጭ፣ ማንም ሳይነካካው አልዘጋ ያለ በር፤ እነዚህን ምልክቶች ማንኛውም የመግቢያ ኮርስ የወሰደ ሰው ማወቅ አለበት። የግብርና ባለሙያ ሆኖ ቀበሌ የሚመደበው ተመራቂ ከሌላው ቀድሞ የሚያያቸው እሱ ነውና።

ይህ ሁሉ የሚጸናው ፈተናው ከተለወጠ ነው። ተማሪ የሚያጠናው የሚፈተንበትን ነው። የመጨረሻ ፈተናው ግማሽ በጠረጴዛ ላይ ይሁን፦ ቁጥር የተጻፈባቸው 15 ናሙናዎች፣ ለእያንዳንዱ 3 ደቂቃ፣ ተማሪው እየተዘዋወረ። በየጠረጴዛው ሚስማር፣ መስታወትና አጉሊ መነጽር ይኑር፤ አሲድ በአንድ ጠረጴዛ ብቻ፣ ረዳት መምህር ባለበት። ናሙናዎቹ ክፍል ውስጥ የታዩት ራሳቸው አይሁኑ፣ አለዚያ ተማሪው ድንጋዩን ሳይሆን የተሰበረበትን ቅርጽ ያስታውሳል። ከመካከላቸው አንዱ የኮንክሪት ቁራጭ ይሁን፤ በመልክ ጠጠር ካለበት ድርብርብ አለት ጋር ይመሳሰላል፣ አሲድም ያረፋል፣ የሲሚንቶው የአየር አረፋ ግን ይለየዋል። ለስሙ 1 ማርክ፣ ላየው ማስረጃ 3 ማርክ ይሰጥ። ስሙን ስቶ ጥንካሬውን፣ የዱቄቱን ቀለምና የስብራቱን ዓይነት በትክክል የመዘገበ ተማሪ፣ ስሙን ብቻ በግምት ከመታው በላይ ማርክ ያግኝ።

ከአክብሮት ጋር
የጂኦሎጂ መምህር
አዲስ አበባ